መኪናው ስንት ዲግሪ ዘመመ? ስንት ሜትርስ ወጣ?
የዝንባሌና የከፍታ መለኪያ በገጠር መንገድ ላይ ያላቸው ጥቅም

ለአስቸጋሪ መንገድ ተብለው ከሚሠሩት መኪናዎች በአንዳንዶቹ ላይ ከፍጥነት፣ ከነዳጅና ከሙቀት መለኪያዎች ለየት ያሉ ሁለት መሣሪያዎች ይገኛሉ። አንደኛው ትንሽ የመኪና ምስል ያለበት ሆኖ መኪናው ወደ ጎን፣ እንዲሁም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስንት ዲግሪ እንደዘመመ የሚያሳይ የዝንባሌ መለኪያ ነው። ሁለተኛው መኪናው ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ የሚያመለክት የከፍታ መለኪያ ነው። ሚትሱቢሺ ፓጄሮ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ሲቀርብ የዝንባሌ መለኪያ በዳሽቦርዱ ላይ የተገጠመላቸው ዓይነቶች ነበሩት። ቶዮታም በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ሁለቱንም መሣሪያዎች ጎን ለጎን ገጥሞ አውጥቷል። ዛሬ ደግሞ መኪናው መሣሪያው ባይኖረውም በሹፌሩ ወይም በአንድ ተሳፋሪ ኪስ ውስጥ ያለው ዘመናዊ ስልክ ሁለቱንም ሥራ ሊሠራ ይችላል።

ብዙ ሰው እነዚህን መለኪያዎች እንደ ጌጥ ይቆጥራቸዋል። ከተማ ውስጥ ለሚዞር መኪና በእርግጥም ከጌጥ አያልፉም። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ወደ ጎጥ ለሚገባ መኪና ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በገጠር ዛሬም ገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው ቀበሌ ውስጥ መኪና በየት በኩል ይግባ፣ ምን ያህል ይጫን፣ ማን በላዩ ይውጣ የሚለውን የሚወስነው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የጫነው አይሱዙ እስከ መጋዘኑ ደጃፍ እንዲመጣ የሚጠይቀው፣ በምጥ የተያዘች እናት የምትሳፈርበት አምቡላንስ እስከ ጎጡ ድረስ እንዲገባ በስልክ የሚማጠነው፣ በሕዝብ ጉልበት የሚቆፈረው ጥርጊያ በየትኛው ተረተር በኩል እንዲያልፍ ነዋሪውን የሚያስማማው የማኅበሩ መሪ ነው። ሹፌሩ ሲያመነታም “አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ ትናንትም መኪና አልፎበታል” የሚለው ብዙውን ጊዜ እሱው ነው። ትናንት ያለፈው መኪና ግን ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መሬቱም ደረቅ ሊሆን ይችላል። በመሆኑም መለኪያዎቹ የሚናገሩትንና የማይናገሩትን ለይቶ ማወቅ ከሹፌሩ ባልተናነሰ ለማኅበሩ መሪ ያስፈልገዋል።

ቱንቢ በመኪና ውስጥ

የዝንባሌ መለኪያ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ብሎ መቆሙን የሚያረጋግጥበት ቱንቢና መሠረቱ ደልዳላ መሆኑን የሚያይበት ውኃ ልክ መኪና ውስጥ ገቡ ማለት ነው። አንዳንዱ መለኪያ እንደ ቱንቢ የሚወዛወዝ ክብደት አለው፤ ሌላው በፈሳሽ በተሞላ ቆልማማ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የሚንከባለል ትንሽ ኳስ ነው። መኪናው ሲዘም ክብደቱ ወይም ኳሱ ወደ ታች ስለሚሄድ የዝንባሌው ዲግሪ ይነበባል።

ንባቡ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት መኪና እንዴት እንደሚገለበጥ ማወቅ ይገባል። ማንኛውም መኪና የክብደት ማዕከል አለው። ከዚህ ማዕከል ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል እስካረፈ ድረስ መኪናው ይቆማል። መስመሩ ከታችኛው ጎማ ውጪ የወደቀ እንደሆነ ግን መኪናው ይገለበጣል። ስለዚህ የሚያዋጣው በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ፣ የክብደቱ ማዕከል ደግሞ ዝቅ ያለ ሲሆን ነው።

ይህንኑ በቁጥር ለመመልከት በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 150 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለውንና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለውን ባዶ መኪና እንውሰድ። ይህ መኪና በተስተካከለና በጠንካራ መሬት ላይ ቆሞ ሳለ የሚገለበጠው ወደ ጎን 45 ዲግሪ ሲዘም ነው። መኪናው 20 ኩንታል ይመዝናል እንበል። በፖርቶ መጋላው ላይ 3 ኩንታል እህል ተጫነበት። ጭነቱ ከመሬት 2 ሜትር ከ10 ያህል ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ የጠቅላላው ክብደት ማዕከል ከ75 ወደ 93 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። የመገልበጫው ወሰንም ከ45 ወደ 39 ዲግሪ ይወርዳል። ሦስት ኩንታል ብቻ 6 ዲግሪ በሉ ማለት ነው። በእህሉ ፈንታ አምስት ጎልማሶች ቢወጡበት ክብደቱ ያው ሆኖ አደጋው ይብሳል። ሰው እንደ ጆንያ ታስሮ አይቀመጥም፤ መኪናው ሲዘም እሱም ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል።

“39 ዲግሪ ድረስ ከሄደ ብዙ ነው” የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ የተራራ መሬት እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ አይደለም። ያ መኪና 25 ዲግሪ በዘመመ ተረተር ላይ ወደ ጎን እየተጓዘ ሳለ የላይኛው ጎማ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ድንጋይ ላይ ቢወጣና በዚያው ቅጽበት የታችኛው ጎማ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል የ35 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ተጨመረ ማለት ነው። ይህም ብቻውን 13 ዲግሪ ያህል ነው። ሃያ አምስቱ ሠላሳ ስምንት ሆነ። በታችኛው ጎን ያለው ባሌስትራና ጎማ በክብደቱ ሲረግብ የቀረችው አንዲት ዲግሪም ታልቃለች። ከአንዲት ሰከንድ በፊት መለኪያው 25 ብሎ ነበር፤ አልዋሸም፤ ግን የሚቀጥለውን ድንጋይ አያይም።

በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ ሹፌር መኪናው ሊሸከም ከሚችለው ዝንባሌ ግማሹን እንደ ወሰን ይይዛል። ከላይ ለተጠቀሰው ጭነት ያለበት መኪና ይህ ከ20 ዲግሪ የማይበልጥ ነው። ቀሪው ግማሽ ለድንጋዩ፣ ለጉድጓዱና ለሰው ድንጋጤ የሚተው ነው።

መለኪያው የማይናገረው

የዝንባሌ መለኪያ በትክክል የሚነበበው መኪናው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲጓዝ ነው። መኪናው በፍጥነት በሚታጠፍበት ጊዜ ኳሱ ወይም ክብደቱ ወደ ውጪ ስለሚገፋ ንባቡ ይዛባል። ፍሬን ሲያዝም እንደዚሁ። ስልክ ላይ ያለውም መለኪያ ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም፤ በዚያ ላይ ስልኩ በእጅ ተይዞ ከሆነ የሚለካው የእጅን ዝንባሌ እንጂ የመኪናውን አይደለም። ስልኩ በጋቢናው ውስጥ በማይንቀሳቀስ ነገር ላይ መታሰርና መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ሳለ ዜሮ ማሳየቱ አስቀድሞ መረጋገጥ ይኖርበታል።

ከሁሉ የከፋው ግን የሙላት አፈር ነው። በተራራ ወገብ ላይ ጥርጊያ ሲቆፈር ከላይኛው ጎን የተቆረጠው አፈር ወደ ታችኛው ጎን ይደፋል። በዚያ ላይ የሚሄድ መኪና ደልዳላ መንገድ ያገኘ ይመስለዋል፤ መለኪያውም 2 ወይም 3 ዲግሪ ያሳያል። ክረምት ሲገባ ያ ያልተጠቀጠቀ ጠርዝ ውኃ ጠጥቶ ይለሰልሳል፤ ጭነት የበዛበት ጎማ ሲያርፍበትም ተንዶ ይወርዳል። ይህን የትኛውም መሣሪያ አይነግርም። የሚያውቀው ጥርጊያውን የቆፈረው ሰው ነው፣ ይኸውም የማኅበሩ አባል። የቱ ጋ ነባር መሬት፣ የቱ ጋ የተደፋ አፈር እንደሆነ ለሹፌሩ አስቀድሞ የሚነግር፣ በእግሩ ከመኪናው ፊት እየሄደ መንገዱን የሚያሳይ አንድ ሰው ከዳሽቦርዱ መለኪያ ይልቅ ይጠቅማል።

ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ቁልቁለትን በጎን ማቋረጥን ይጠላሉ፤ ቀጥ ብሎ መውጣትን ወይም ቀጥ ብሎ መውረድን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመኪና ቁመት ከስፋቱ ስለሚበልጥ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከመገልበጡ በፊት ብዙ ዲግሪ ይቀረዋል። ዳገት ላይ ሞተር ቢጠፋ መኪናውን እዚያው ለማዞር መሞከር አደገኛ ነው፤ የኋላ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኃይል እየያዙ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል። በጎን ሲጓዝ መኪናው መንሸራተት ወይም መነሣት የጀመረ እንደሆነ ደግሞ መሪውን ወደ ቁልቁለቱ ማዞር እንጂ ወደ ዳገቱ መጎተት አያድንም። ከዚህ ጊዜ በፊት ግን ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ በእግሩ መሻገር ነበረበት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስለ ትራክተርም አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። የትራክተር የፊት አክስል መካከሉ ላይ ባለው ማያያዣ ስለሚወዛወዝ ትራክተር ጠባብ ወሰን ላይ የቆመ መሣሪያ ነው፤ አዘማመሙ ሳይታወቅ በድንገት ይገለበጣል። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ አዳዲስ ትራክተሮች ሁሉ ለነጂው መከላከያ የብረት ክፈፍ እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ክፈፉ እርሻ ውስጥ ቅርንጫፍ ይይዛል ተብሎ ተፈትቶ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠበት ትራክተር ከቁልቁለት መሬት ቢርቅ ይሻላል። ባለሦስት እግሩ ባጃጅማ ለተረተር ጨርሶ አልተፈጠረም።

አየር እንደ ሚዛን

የከፍታ መለኪያ የሚሠራው በአየር ክብደት ነው። መሣሪያው አየሩ የወጣለት፣ ግድግዳው ስስ የሆነ ትንሽ የብረት ሣጥን አለው። ቆላ ላይ በላዩ የተከመረው አየር ብዙ ስለሆነ ሣጥኑን ይጫነዋል፤ ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚቀል ሣጥኑ ይነፋል። ይህን እንቅስቃሴ መዘውር ወደ ጠቋሚው ያስተላልፈዋል። ከሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ በባዶው ጥብቅ ተደርጎ የተከደነ ጀሪካን ጣርማ በር ሲደርስ ሆዱ ይነፋል። የተሳፋሪው ጆሮም የሚደፈነው በዚሁ ሰበብ ነው። በባሕር ወለል ላይ 1,013 ሚሊባር የሚሆነው የአየር ግፊት 2,000 ሜትር ላይ 795፣ 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 701 ገደማ ይሆናል።

ይህ መሣሪያ አገር ውስጥ ሳይለመድ ተጓዦች ከፍታን የሚለኩት በውኃ ነበር ቢባል የሚያስገርም ይሆናል። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ በኢትዮጵያ ሲዘዋወር ከተጠቀመባቸው ዘዴዎች አንዱ ውኃ አፍልቶ የፈላበትን ሙቀት ማንበብ ነበር። ውኃ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል፤ በ3,000 ሜትር ላይ በ90 ዲግሪ ይፈላል። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመኪናው ራዲያተርም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። ራዲያተር ክዳኑ ደህና ከሆነ ውኃውን አምቆ ስለሚይዝ በ3,000 ሜትር ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ ወይም በቆረቆንዳ የተወተፈ እንደሆነ ግን በ90 ዲግሪ ይንፈቀፈቃል። ቆላ ላይ ደህና የነበረ መኪና ደጋ ላይ የሚፈላው አንዳንድ ጊዜ በዚህች ትንሽ ክዳን ምክንያት ነው። ሞተሩ በራሱም ይደክማል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሦስት አሥረኛው ሄዷል ማለት ነው። አየሩ ሲያንስ ናፍጣው ሳይቃጠል ስለሚቀር ጥቁር ጭስ ይወጣል። መኪናው ቆላ ላይ የተሸከመውን ያህል ደጋ ላይ አልወጣ ሲል “ሹፌሩ ለገመ” የሚለው ሰው በአየሩ ፈንታ ሹፌሩን ነው የሚከስሰው።

ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። 50 ኩንታል የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ አንድ የ200 ሊትር በርሜል ውኃ ከቅዝቃዜው አንሥቶ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢያዝ ፍሬኑ ግሎ መያዙን እንደሚተው የታወቀ ነው። ስለዚህ በከባድ ማርሽ፣ በሞተር እየያዙ መውረድ ግድ ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ እብደት ነው። የከፍታ መለኪያ እዚህ ላይ የሚጠቅመው መንገዱን ለማያውቅ ሹፌር ነው። መድረሻው ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ከተነገረው ገና ምን ያህል ቁልቁለት እንደሚቀረው እያነበበ ፍሬኑን ማሳረፊያ ቦታ ይመርጣል።

ለእርሻ ሥራ የከፍታ መለኪያ ያለው ጥቅም ከመንገዱ አያንስም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ከሸለቆው እስከ ጫፉ 1,000 ሜትር ልዩነት ያለባቸው ሥፍራዎች ጥቂት አይደሉም። በ1,000 ሜትር ውስጥ የአየሩ ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይለወጣል። የዘር ዓይነቶች የሚሰራጩት ለዚህን ያህል ከፍታ ይስማማሉ ተብለው ነው። ስለሆነም “ወረዳችን ወይና ደጋ ነው” በሚል ብቻ ለሸለቆውም ለጫፉም አንድ ዓይነት ዘር መቀበል ጫፍ ላይ ላለው ገበሬ ከውርጭ በፊት የማይደርስ ሰብል ሊያመጣበት ይችላል። የግብርና ባለሙያ በመኪና ሲመጣ በየጎጡ መኪናውን እያስቆሙ ከፍታውን ማስነበብና በማኅበሩ መዝገብ ላይ ማስፈር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ወባ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች የምትታወቅ በመሆኗም አጎበር በቅድሚያ የት ይታደል ለሚለው ጥያቄ ያው መዝገብ ይረዳል።

ንባቡ ሲወሰድ ግን ሰዓቱ መታየት አለበት። በአገራችን የአየር ግፊት በየዕለቱ ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። መለኪያው ይህን ከፍታ የተለወጠ መስሎት በአንድ ቦታ ቆሞ ሳለ ከ30 እስከ 40 ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል። ስለዚህ ጧት ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ላይ ማስተካከል፣ ማታ ሲመለሱም እዚያው ቦታ ላይ ማመሳከር ያስፈልጋል። ስልክ በሳተላይት የሚያነበው ከፍታ ከአየሩ ጠባይ ጋር አይለዋወጥም፤ ነገር ግን ገደል ሥር ሲሆን ይሳሳታል። ለራስ ደጀን እንኳ ቀደም ሲል 4,620 ሜትር ይባል የነበረው በኋለኞቹ ልኬቶች ዝቅ ብሏል።

ዲግሪና በመቶ

ብዙ የማኅበር መሪዎች የመሬትን ተዳፋትነት የሚያውቁት በዲግሪ ሳይሆን በመቶኛ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ የተተካው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሆነውም ዓመታዊ ሰብል የሚዘራበት የጠረጴዛ እርከን ሲሠራለት ብቻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። የመኪናው መለኪያ ግን በዲግሪ ስለሚናገር ሁለቱን ማምታታት አደጋ አለው። 60 በመቶ ማለት 31 ዲግሪ፣ 30 በመቶ ማለት 17 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ ያ አዋጅ ያለ ጠረጴዛ እርከን አይዘራበትም ያለው መሬት ከ17 ዲግሪ ጀምሮ ነው፤ ለጫነ መኪና ወሰን ይሁን ከተባለው 20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

ጥርጊያን ለመመርመር መኪና መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላና የግንበኛ ውኃ ልክ ይበቃል። የጣውላው አንድ ጫፍ በመንገዱ ላይኛ ጎን መሬት ላይ ይደረጋል፤ ሌላው ጫፍ ወደ ታችኛው ጎን ይዘረጋና ውኃ ልኩ ደልዳላ እስኪያሳይ ድረስ ከፍ ይደረጋል። በዚህኛው ጫፍና በመሬቱ መካከል ያለው ክፍተት በሳንቲ ሜትር ሲለካ ያው የመንገዱ ተዳፋትነት በመቶኛ ነው። 18 ሳንቲ ሜትር 10 ዲግሪ፣ 36 ሳንቲ ሜትር 20 ዲግሪ፣ 47 ሳንቲ ሜትር 25 ዲግሪ ነው። ሁለት ሰዎች ጥርጊያውን በየሃያ እርምጃው እየለኩ ቢሄዱ ክፍተቱ ከ18 ሳንቲ ሜትር የሚበልጥበትን ሥፍራ ሁሉ በግማሽ ቀን ለይተው ያወጣሉ። እዚያ ላይ የላይኛው ጎን ተቆርጦ ዝቅ ይደረጋል፤ የታችኛው ጎን ከነባሩ መሬት ጀምሮ በድንጋይ ይካባል። ይህ እስኪሠራ ድረስ ሹፌሩ ከሩቅ እንዲያየው በዳር ያለ አንድ ትልቅ ድንጋይ ኖራ ይቀባል፤ የወጣውም የዲግሪ ቁጥር ይጻፍበታል።